ዋስህ ማነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የድሬዳዋ አድማጮቻችን፣ ከዚራ ያላችሁ፣ መጋላ ያላችሁ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፣ ነምበር ዋን፣ ለገሃሬ ያላችሁ፤ ሱቃችሁን ለቀትር ዘግታችሁ ጥላ የፈለጋችሁ፣ ባጃጃችሁን ዛፍ ሥር አቁማችሁ ሬዲዮ የከፈታችሁ፣ የዛሬው ትምህርታችን በሥራ ዓለም ስም ስለማፍራት ነው። እድገት ስለሚያስገኝ፣ ደንበኛ ስለሚያመጣ፣ ከአንድ ሥራ ወደ ተሻለ ሥራ ስለሚያሸጋግር ስም።

በጥያቄ ልጀምር። ነገ አንድ ድርጅት በገንዘብ ያዥነት፣ በንብረት ክፍል ወይም በሾፌርነት ሊቀጥራችሁ ተስማማ እንበል። ፈተናውን አልፋችኋል፤ ደመወዙም ተነግሯችኋል። በመጨረሻ የሰው ኃይል ኃላፊዋ አንድ ወረቀት ወደ እናንተ ገፋ አድርጋ «ዋስ ይዛችሁ ኑ» ትላለች። ማን ጋ ትሄዳላችሁ? አጎትን፣ አክስትን፣ ታላቅ ወንድምን ለጊዜው እንተዋቸው። ዘመድ ያልሆነ፣ እናንተን በሥራችሁ ብቻ የሚያውቅ፣ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ፤ ቢያጠፋ እኔ እጠየቃለሁ» ብሎ እጁን የሚያነሳ ስንት ሰው አላችሁ?

የሥራ ስማችሁ ልኩ ይኸው ነው። ስንት ሰው ያውቀናል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ስንቱ በእኛ ምክንያት የራሱን ኪስና የራሱን ክብር ለማስያዝ ይደፍራል? እቁብ የገባችሁ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያው ዙር ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዳኛው ዋስ ይጠይቀዋል። አንዱ ገና ስሙ ሲጠራ ሦስት ሰው «እኔ እፈርማለሁ» ይላል። ሌላው ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ሁለቱም እኩል ብር ነው የሚጥሉት።

በውጭው ዓለም ይህን ጉዳይ «ፐርሰናል ብራንድ» በሚል ስም ሲያወሩት ትሰሙ ይሆናል። ቃሉን በሰፊው ያስተዋወቀው ቶም ፒተርስ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ አመራር ጸሐፊ ነው፤ ነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. ፋስት ካምፓኒ በተባለ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ራሱን እንደ አንድ ድርጅት ቆጥሮ ስሙን ራሱ ያስተዳድር፤ ቀጣሪው እስኪያስታውሰው አይጠብቅ የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ያልተጻፈ መጽሐፍ፣ ያልተሰጠ ሥልጠና የለም። አንዳንዱ ሥልጠና ሰውን ክራቫት አሳስሮ፣ እጁን አጣጥፎ ፎቶ አስነስቶ ይሸኘዋል። እኔ ከዚህ ሁሉ ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። ሥራችንን ራሳችን ካላሳወቅን ማንም አያሳውቅልንም የሚለው እውነት ነው። ስምን ግን ሰው ለራሱ አያወጣም። ስም የሚያወጡልን ሌሎች ናቸው።

የዚችን ከተማ ልጅ አሊ ቢራን አስቡት። የተወለደበት ስም አሊ መሐመድ ሙሳ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በዚሁ በድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ የኪነት ቡድን ጋር መዝፈን ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ዘፈኖቹ አንዱ «ቢራ ዳ በርኤ» የሚል ነበረ፤ ሕዝቡ ከዚያ ዘፈን ላይ ቃል አንስቶ ለዘፋኙ መጠሪያ አደረገለት። ልጁ ተቀምጦ «ምን ተብዬ ልታወቅ?» ብሎ አልመከረም። ዘፈነ፤ ሰሚው ሰየመው። ከዚያ በኋላ ግን ስሙን ዝም ብሎ አልተኛበትም። አዲስ አበባ ሄዶ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገባ፤ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዐረብኛም ዘፈነ፤ በውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖሮም ሥራውን አልተወም። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ ሲያርፍ ቀብሩ እዚሁ ድሬዳዋ ሆነ። ያ በልጅነቱ ከሕዝብ አፍ የተቀበለው መጠሪያ ከሃምሳ ዓመት በላይ አብሮት ኖረ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እስቲ ወደ ራሷ ወደ ከተማችን እንምጣ፤ ምክንያቱም ድሬዳዋ ሰው በሙያው የሚጠራባት ከተማ ሆና ነው የተፈጠረችው። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው ወጪውን ስላበዛው ሐዲዱ ሜዳውን ይዞ እዚህ ታች ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ባቡሩ ደረሰ፣ ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። የባቡር ጥገና ጣቢያው እዚህ ተተከለ። ከሐረር፣ ከጅቡቲ፣ ከመሀል አገር፣ ከባሕር ማዶም ሰው መጣ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ የመኑ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው እዚህ ሲገናኝ አንዱ የሌላውን አባትና አያት አያውቅም። ታዲያ ሰው በምን ይተዋወቅ? በሥራው። ይሄ ቶርኖ ላይ እጁ አይስትም፤ ያኛው ሳልዳቶሬ የበየደው አይለቅም፤ እገሌ ሒሳብ አይሳሳትም።

ለዚያ ዘመን ስም ባቡሩ ራሱ መንገድ ነበረ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው ሐዲድ ዕቃና መንገደኛ ብቻ አልነበረም የሚያመላልሰው፤ ወሬም ያመላልስ ነበር። እዚህ ወርክሾፕ ውስጥ ጎበዝ የተባለ መካኒክ ስሙ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ አዳማ ቀድሞት ይደርስ ነበር። ሰነፉም እንዲሁ። ሸማንደፈር፣ ባቡር ድርጅቱ ማለት ነው፣ የሠራ ሰው ሌላ ቦታ ሥራ ሲጠይቅ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ የት እንደሠራና በማን ሥር እንደሠለጠነ መናገሩ ይበቃ ነበር። ከባቡሩ ቀጥሎ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጡ፤ እነሱም የየራሳቸውን ባለሙያ አወጡ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል፤ የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው። በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው መሀል ውጭ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቷል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠናም አለ። እዚያ የሚመጣው ቀጣሪ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ተቀምጦ ሠራተኛ የሚመለምል ሊሆን ይችላል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ገብቶ «ይህ ልጅ እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። በእጁ ያለው የእናንተ ወረቀት፣ ስልክ ቁጥርና ምናልባት የፌስቡክ ገጻችሁ ነው። ሰፈር ውስጥ ያፈራችሁት ስም የቱንም ያህል ያማረ ይሁን፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ ለዚያ ቀጣሪ እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ከአፍ ወደ ወረቀት፣ ከሰፈር ወደ ማያውቃችሁ ሰው ስማችሁን የማሻገር ሥራ አለባችሁ ማለት ነው።

መጀመሪያ እጃችሁ ላይ ያለውን ቁጠሩ። እዚህ ላይ የድሬን ልጅ መውቀስ እፈልጋለሁ። የሥራ ማመልከቻችሁን ስታዘጋጁ ቋንቋ የሚለው ቦታ ላይ ብዙዎቻችሁ «አማርኛ፣ እንግሊዝኛ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። አቦ፣ ኦሮምኛችሁስ የት ሄደ? ሶማሊኛችሁስ? ቀፊራ ገበያ ላይ በአንዱ ቋንቋ ዋጋ ተከራክራ፣ በሌላው ሰላምታ ሰጥታ፣ በሦስተኛው መልስ የምትቀበል ልጅ ወረቀቷ ላይ አንዱን ብቻ ትጽፋለች። ለእናንተ እንደ መተንፈስ ስለሆነ ችሎታ አይመስላችሁም። አዲስ አበባ ላይ ያለ ባንክ፣ የጭነት አስተላላፊ፣ የዕርዳታ ድርጅት ግን ምሥራቁን አካባቢ ሊሠራበት ሲያስብ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ሰው በሻማ ይፈልጋል። ጻፉት። መናገር ብቻ ከሆነ «እናገራለሁ»፣ መጻፍም ከሆነ «እናገራለሁ፣ እጽፋለሁ» በሉ። ዐረብኛ ከቁርኣን ቤት ያገኛችሁ፣ ፈረንሳይኛ ከአያት የተማራችሁም እንደ ልኩ ጻፉ።

ሁለተኛው ነገር ይሉኝታ ነው። እኛ አገር ራሱን የሚያወራ ሰው አይወደድም፤ መልካም ነው፣ እኔም አልወደውም። ግን አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ጉራ ማለት ምንድን ነው? ስለ ማንነት መናገር ነው። «እኔ ታታሪ፣ ታማኝ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል ነኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በመቶ ማመልከቻ ላይ ያለ ነው፤ ማንም አያምነውም፤ በውስጡ ትንሽ ጉራም አለ። ስለ ሥራ መናገር ግን ሌላ ነው። «በዚህ መጋዘን ሁለት ዓመት ዕቃ ተረክቤ አስረክቤአለሁ፤ በሁለቱም ዓመት ቆጠራ ላይ ጉድለት አልተገኘም፤ ቆጠራውን ያደረገው የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ስልኩ ይኸው።» ይህ ጉራ አይደለም። ሰሚው ደውሎ ማጣራት ይችላል። ሊጣራ የሚችል ነገር የተናገረ ሰው ራሱን አላመሰገነም፤ ማስረጃ ነው ያቀረበው።

በአሠሪ ፊትም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሠርታችሁ የእድገት ማስታወቂያ ሲወጣ «አለቃዬ ያውቃል» ብላችሁ አትቀመጡ። አለቃችሁ በሥሩ ብዙ ሰው አለ፤ ባለፈው ጥቅምት ምን እንደሠራችሁ አያስታውስም። አንዲት ትንሽ ደብተር ይኑራችሁ። የፈጸማችሁትን ሥራ፣ ቀኑን፣ ያመጣውን ውጤት በዚያ መዝግቡ። የአፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ከደብተሩ አውጥታችሁ አንድ ገጽ ስጡት። ብዙ አለቃ በዚህ ይደሰታል፤ የእሱንም ሥራ ያቀልለታልና።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ሥራችሁ ላይ ስማችሁ ይኑር። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። የሐረር ቡና ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአገሪቱ ቡና ጨረታ የሚካሄደው በሁለት ከተማ ነበረ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው የእኛው ድሬዳዋ። በፀሐይ የደረቀው የሐረርጌ ቡና እዚህ ይቀመስ፣ እዚህ ይሸጥ፣ በጅቡቲ ይወጣ ነበር። ውጭ አገር ሐረር የሚለው ስም ብቻውን ቡናውን ያስወድደዋል። ስሙን ያፈራው ገበሬው ነው፤ ከስሙ የሚገኘው ትርፍ ግን አብዛኛው ቆልቶ በሚሸጠው ኪስ ይቀር ነበር። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። እዚያ ያሉ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ትልቅ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ሰኔ 1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ኩባንያው ለስሞቹ የኢትዮጵያን ባለቤትነት ተቀበለ።

እናንተም ስማችሁን ያላስመዘገባችሁበት ሥራ የሌላ ሰው ይሆናል። ሪፖርቱን አንቺ ጽፈሽ ሌላ ሰው ፈርሞበት ሲያልፍ፣ ዲዛይኑን አንተ ሠርተህ ኮንትራክተሩ «የእኔ ነው» ሲል ዝም ማለት ትሕትና ይመስላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የሚታይ ሥራ የሌላችሁ ትሆናላችሁ። ጠብ አታንሱ። በሪፖርቱ ግርጌ «አዘጋጅ» የሚል መስመር ጨምሩ። የሥራውን ቅጂ፣ ምስጢር ካልሆነ በቀር፣ አስቀምጡ። ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ፣ ልብስ ሰፊዎች፣ ሴራሚክ አንጣፊዎች፣ ባቲላሜራዎች፣ ፀጉር ሠሪዎች፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱ፤ ደንበኛውን ግን አስፈቅዱ። ቴሌግራም ላይ በራሳችሁ ስም አንድ ቻናል ከፍታችሁ እዚያ አስቀምጡት። ብር አይጠይቅም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር፦ ሲም ካርድ አትቀያይሩ! አንድ ቀለም ቀቢ ቤቴን አሳምሮ ቀብቶልኝ ነበር። ለሦስት ጎረቤት ቁጥሩን ሰጠሁ። ለሦስቱም የተመለሰላቸው መልስ «የደወሉላቸው ደንበኛ አገልግሎት ላይ አይገኙም» ነበር። ሰውየው እስከ ዛሬ ሦስት ቤት እንዳመለጠው አያውቅም። በልጃቸው ስም ብቻ የሚታወቁ ጎበዝ ሴቶችም አሉ፤ «የእገሌ እናት ትሰፋልሻለች» ይባላል፤ ሙሉ ስሟን ግን የሚያውቅ የለም። እህቶቼ፣ ደረሰኝ ላይም ይሁን ቴሌግራም ላይ ስማችሁን ከነአባታችሁ አስፍሩ።

ወደ ወረቀት ልምጣ። ይህን ክፍል ብታስተውሉት ይጠቅማችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ላይ አንድ ግዴታ ጥሏል፦ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት። በጠየቀ ጊዜ የሚለውን ያዙልኝ፤ ሥራ ላይ እያላችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ ማለት ነው። አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ እነሱ በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፣ ከመሥሪያ ቤታቸውም የሥራ ልምድ ያወጣሉ። ብዙ ሰው ግን ወረቀቱን የሚያስታውሰው ድርጅቱ ከተዘጋ ወይም ከአለቃው ጋር ከተጣላ በኋላ ነው። ያኔ ፈራሚ ይጠፋል፤ ማኅተሙም ይጠፋል። በየዓመቱ አንዴ አውጡ።

የሥራ ልምድ ወረቀት ግን ምን ያህል ጊዜ እንደሠራችሁ እንጂ እንዴት እንደሠራችሁ አይናገርም። ለዚህ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አጠያየቁም ብልሃት አለው። «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብቻ ያላችሁት ሰው «መልካም ሠራተኛ ነበር» የሚል ሁለት መስመር ይጽፍላችኋል። «በዚያ የዕቃ ርክክብ ጊዜ ሌሊት የሠራነውን ቢጠቅሱልኝ» ብትሉት ግን ትዝ ይለዋል፣ ያንን ይጽፋል።

ሰው መጠየቅ ካነሳን፣ ማንን እንጠይቅ? ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ተመራማሪ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሠራተኞችን ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያገኙት ሰው ነበረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አብራችሁ ነው የምትውሉት። በ2022 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያየ ጥናትም ወደዚሁ ያዘነብላል፤ በጣም የራቀም በጣም የቀረበም ሳይሆን መካከለኛው ትውውቅ ይበልጥ ሥራ እንደሚያስገኝ አመልክቷል። በየቀኑ በርጫ ላይ አብረው የሚቀመጡ አምስት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ወሬ ነው የሚለዋወጡት። አፎቻ ላይ፣ እቁብ ላይ፣ የድሮ ትምህርት ቤት ልጆች ስብሰባ ላይ የምታገኙት ሰው ግን ሌላ ዓለም አለው። ለበዓል መልእክት ላኩለት። ዒድ ሙባረክ ወይም እንኳን አደረሰህ ለማለት የሥራ ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ስም የሚሰበርበትን መንገድ ዘርዝሬ አልጨርሰውም፤ ሁለቱን ላንሳ። አንደኛው ቀጠሮ ነው። ለአረፋ ወይም ለጥምቀት የሚደርስ ልብስ ተቀብሎ «ነገ ና» እያለ ዋዜማው ድረስ የሚያመላልስ ሰፊ፣ መርፌው የቱንም ያህል የተዋጣ ቢሆን ደንበኛው አይመለስም። ከተማችን ሞቃት ናት፣ ቀትር ላይ ሥራ ይቆማል፣ ከሰዓቱም እንደምታውቁት ይጎተታል። ያን ሁሉ አስልታችሁ ቀን ስጡ። «አልችልም፣ ሞልቶብኛል» ማለት ስም አያጠፋም፤ እንዲያውም ያስከብራል። ከዘገያችሁም ደንበኛው ከመምጣቱ በፊት እናንተ ደውሉለት።

ሁለተኛው ስልካችን ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በንዴት የጻፋችሁት ከሦስት ዓመት በኋላ የሚቀጥራችሁ ሰው ያየዋል። በተለይ ድሬዳዋ ውስጥ! ደንበኛችሁም፣ አለቃችሁም፣ ጎረቤታችሁም ከሌላ ብሔር፣ ከሌላ ሃይማኖት ነው። አንድን ሕዝብ የሚሰድብ ጽሑፍ ያጋራ ሰው ነገ የዚያን ሕዝብ ልጅ በመስኮት ሊያስተናግድ ይቀጠራል? የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩም አይዘንጋ። የሐሰት የትምህርት ማስረጃን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ መሥሪያ ቤቶች ማጣራት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የተገኘበት ሰው ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን በእውነት የሠራበትን ዓመትም ያጣዋል።

አሁን «ተው እንጂ፣ እዚህ አገር የሚያስቀጥረው ስም ሳይሆን ዘመድ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። አልክድም። በዘመድ የሚሰጥ ሥራ አለ፤ የሚገባው ሰው የሚከለከልበት ጊዜም አለ፤ ይህን በመልካም ስም ብቻ እናሸንፈዋለን ብዬ አላታልላችሁም። ግን የግል ድርጅት ያለው ሰው የእህቱን ልጅ ገንዘብ ያዥ አድርጎ ሁለት ጊዜ ከጎደለበት፣ ሦስተኛውን ከየት እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። በሥራው የሚታመን ሰው ይፈልጋል፤ «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የእናንተን ስም የሚጠራ ሰው መኖር አለበት። ከገጠር መጥታችሁ፣ ወይም ከሌላ ከተማ ተዛውራችሁ እዚህ ማንም የሌላችሁ ደግሞ፣ ከአንድ ደንበኛ ጀምሩ። የመጀመሪያውን ሥራ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲያወራው አድርጋችሁ ሥሩት።

መጨረሻ ላይ የማነጋግረው ሥራ ፈላጊውን አይደለም። ስም ያላችሁ ሰዎች፣ የጋራዥ ባለቤቶች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ጡረታ የወጣችሁ የባቡርና የፋብሪካ ባለሙያዎች፣ እናንተን ነው። ይህ ሁሉ ምክር ያለ እናንተ ፊርማ ዋጋ የለውም። አብሯችሁ በደንብ የሠራ ወጣት ደብዳቤ ሲጠይቃችሁ «ነገ ና» አትበሉት፤ ያያችሁትን ጻፉለት፤ ያላያችሁትን አትጻፉ። ዋስ ለመሆን የምትፈሩም ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 መሠረት በዋስትና ውል ላይ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን መገለጽ አለበት፤ ካልተገለጸ ውሉ ዋጋ የለውም። ስለዚህ መጠኑን አጽፉ፣ አንብቡ፣ ከዚያ ፈርሙ። በዚህ ሳምንት ለአንድ ልጅ ፈርሙ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)